ወለል የሌለው በረንዳና ጥቅሙ

ፍኖተ ሰላም የእንጨት ሥራ ማህበር የገባሁ ዕለት በእጄ የነበረው አንድ መዶሻ፣ አንድ ሜትርና ብዙ ትዕቢት ነው። ከቡሬ በታች ካለው መንደራችን ሦስት ቤትና አንድ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሠርቼ ስለመጣሁ ራሴን በራሴ ዋና አናጢ ብዬ ሾሜ ነበር። ማህበሩ ግን «ረዳት» ብሎ መዘገበኝ። ከረዳት በታች የነበረው መጋዙ ብቻ ነው።

ያስረከቡኝ ለአያ ጫኔ ነበር። አያ ጫኔ የማህበሩ ዋና አናጢ ናቸው፤ የአገው ተወላጅ፣ አጭርና ቁጡ። ደስ ሲላቸው በአማርኛ፣ ሲናደዱ በአገውኛ ይናገራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አማርኛቸውን ብዙም አልሰማሁት።

በዚያው ዕለት አንዲት ጠላ ሻጭ በር እንዲሠራላት ጠይቃ ነበርና «ሂድ ለክተህ ና» አሉኝ። ሄድኩ። ቁመቱን ለካሁ፤ ወርዱን ለካሁ፤ የግድግዳውን ቀጥታ በቱንቢ አየሁ። ሁሉንም በወረቀት ጽፌ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

አያ ጫኔ ወረቀቱን ሳያዩ «በዚህ በር ማን ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«ሰው ነዋ!»

«ሰውስ ይግባ። ጋኑስ?»

ጠላ ሻጭ ጋን አላት፤ እኔ የለካሁት በር ደግሞ ሰውን እንጂ ጋንን አያስገባም። ተመልሼ ሄጄ ጋኑን በሁለት እጄ አቅፌ እንድለካ ታዘዝኩ። ሴትዮዋም በር ሊሠራ የመጣው አናጢ ጋኗን አቅፎ ሲያያት ጎረቤቶቿን ጠርታ ሳቀችብኝ።

ይህን የማወራው ወድጄ አይደለም። በቀደም ዕለት አንድ ወጣት መሐንዲስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትልቅ በር አውጥቶ፣ ከፊቱ ብረት ገጥሞ፣ ወለሉን ግን ትቶት አየሁ። «ልጄ፣ ወለሉስ?» ብለው «አባባ፣ ይኼ ዘመናዊ ዲዛይን ነው፤ በፈረንጅ አገር የራሱ ስም አለው» አለና ጥቅሙን ይቆጥርልኝ ጀመር። ብርሃን ያስገባል፣ አየር ያስገባል፣ ቦታ አይወስድም፣ ለቤቱም ግርማ ይሰጣል።

እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ትልቁን ጥቅሙን ግን አልነገረኝም፤ ከየት አባቱ ያውቀዋል! እኛ ያንን ዘመናዊ ዲዛይን የሠራነው በደርግ ጊዜ ነው። የሠራነውም አንድ ሽማግሌ የቀበሌ ስብሰባ እንዲካፈሉበት ነበር።

ሽማግሌው አያ ልጃለም ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ በፍኖተ ሰላም ገበያ እህል ሰፋሪ ነበሩ። ገዥና ሻጭ ሲጣላ ቁናውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ከሰፈሩ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። በዚያ ሥራ ጥረው ከገበያው አጠገብ፣ አደባባዩ ዳር፣ ባለ ደርብ የጭቃ ቤት ሠሩ። ታችኛው ሱቅ ነው፤ ላይኛው ድሮ የእህል ማስቀመጫ ነበር።

የከተማ ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ሱቁ የሕዝብ ሆነ። ሕዝቡ ሱቁን ተረክቦ የቀበሌ ሱቅ አደረገው፤ ከዚያም ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም እየተባለ ከገዛ ሱቁ ደጅ ይሰለፍ ጀመር። ለአያ ልጃለምና ለባለቤታቸው ለእትዬ የሻረግ ደርቡ ተተወላቸው። መውጫው በጓሮ በኩል ያለ፣ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ ነው።

ከዚያ አያ ልጃለም ታመሙ። የግራ ጎናቸው ከእጅ እስከ እግር ዛለ፤ አፋቸውም ተሳሰረ። ሰውነታቸው ግዙፍ ነው። አራት ሰው ተጋግዞ ሊያወርዳቸው ሲሞክር የደረጃው አንድ መርገጫ ተሰበረና ሁሉም አንድ ላይ ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወረዱም። ደርቡ ወደ አደባባዩ በኩል መስኮት ስላልነበረው ገበያውን በጆሯቸው ብቻ ነበር የሚያውቁት።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። ቀበሌያችን በየሳምንቱ እሑድ በአደባባዩ ላይ ይሰበስበናል። ስለ ዓለም ወዛደሮች፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ኢምፔሪያሊዝም፣ ስለ ባዘኑ ውሾች እንነጋገራለን። እንነጋገራለን ስል ሊቀመንበሩ ይናገራል፤ እኛ እጅ እናወጣለን። እጅ በማውጣት በአገሩ የሚያህለን አልነበረም። «የሚደግፍ» የሚለው ቃል ሳያልቅ እጃችን ሰማይ ነው።

ሦስት ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል የሚል ደንብ ወጣ። ደንቡንም በእጃችን ነው ያጸደቅነው። አያ ልጃለም ሦስት ብቻ አይደለም፣ መቶ ስብሰባ ቀርተዋል። ተሰረዙ። የተሰረዘ ሰው ደግሞ ቤተሰብ ሲቆጠር አይቆጠርም። ስለዚህ በቀበሌው ወረቀት ላይ እትዬ የሻረግ በሰፊ ደርብ ለብቻቸው የሚንፈላሰሱ አንዲት ሴት ሆነው ቁጭ አሉ።

ለአንድ ሰው ያን ያህል ክፍል ትርፍ ነው ተባለ። ደርቡ ለወጣቶች ማህበር ጽሕፈት ቤት እንዲሰጥ፣ እሳቸው ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለች አንዲት ጠባብ ክፍል እንዲዛወሩ የሚል አጀንዳ ተያዘ። ውሳኔው ለመጪው እሑድ ነው።

እትዬ የሻረግ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አደግድገው ወርክሾፓችን መጡ። ከቀበሌ መመለሳቸው ነበር።

«ምን አሉዎት?» አሏቸው አያ ጫኔ።

«ባለቤቴ አሉ እኮ አልኩት። ካሉ ስብሰባ ይምጡና ስማቸው ይመለሳል አለኝ። ኧረ አልጋ ላይ ናቸው ብለው፣ ያልተገኘን ሰው እንዴት አድርጌ አለ ብዬ ልጻፍ አለኝ። ወጥተህ እያቸው ብለው፣ ስብሰባው አደባባይ ነው እንጂ ደርብ ላይ አይደለም አለኝ።»

«ተሸክመን እናውርዳቸዋ» አልኩ እኔ፣ ብልህ ነኝ ብዬ።

እትዬ የሻረግ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማውረዱንስ ታወርዷቸው ይሆናል። እሳቸው ታች እያሉ የደርቡ ቁልፍ ቢለወጥ ማን ያወጣቸዋል? ከዚያች ጠባብ ክፍል ደግሞ አልጋቸው እንኳ አይገባም። እዚያ ከገቡ ይሞቱብኛል።» የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «እባካችሁ፣ ወደ አደባባዩ አንዲት መስኮት ክፈቱልኝ። ቢያንስ ይዩዋቸው።»

አያ ጫኔ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ አውጥተው መዳፋቸው ላይ መስመር ይስሉ ጀመር። እርሳሱ ከጆሯቸው ሲወርድ ሥራ አገኙ ማለት ነው። «መስኮት አይበቃም» አሉ በመጨረሻ። «በመስኮት የሚታይ ግማሽ ሰው ነው። ግማሽ ሰው ደግሞ ይሄ ቀበሌ አይመዘግብም። በረንዳ ነው የሚያስፈልግዎ።»

በረንዳ ግን በዋዛ አይሠራም። ወደ አደባባዩ እንዳይወጣ አደባባዩ የሕዝብ ነው፤ የሕዝብን አየር ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው ያው ቀበሌ ነው። ምሰሶ እንዳይተከል ለግንድ የደን ፈቃድ ይፈልጋል፤ እሱም ከወር በፊት አይገኝም። እሑድ ደግሞ አምስት ቀን ቀርቶታል።

«እንግዲያ ወለሉን እንተወዋለን» አሉ አያ ጫኔ። «በሩን እናወጣለን፤ መከለያውን ከግድግዳው ጋር እናጣብቃለን። ማን ሊሄድበት ነው? ሰውየው እንደሁ አይራመዱ።»

የማህበራችን ኃላፊ ይህን ሲሰማ ዘሎ መጣ። ቀሚስ የሚያህል ካኪ ኮት የሚለብስ፣ አንድ ሚስማር መትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ማህበሩን የሚመራውም ስለዚሁ ይመስለኛል።

«በረንዳ የቡርዧ ቅንጦት ነው! ማህበራችን በረንዳ አይሠራም።»

«ወለል እኮ የለውም፣ ጓድ» አሉ አያ ጫኔ በትሕትና።

«ወለል የሌለው በረንዳ ምን ይባላል?»

«እኔም ቸግሮኛል። መከለያ የምናደርገው የራሳቸውን የአልጋ ራስጌ ነው። የብረት ነው፤ ከጥልያን ጊዜ የቀረ።»

ኃላፊው ፊቱ ፈካ። አንድ ነገር በቅጽ ላይ መጻፍ ከቻለ የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም። የሥራ ማዘዣው ላይ «የአልጋ ራስጌ ማዛወር» ብሎ ፈረመ። በዚያ ዘመን ያየሁት ብቸኛው እውነተኛ ቅጽ ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር የአልጋው ራስጌ ነገር በኋላ የመጣ ነው፤ ኃላፊው ከመምጣቱ በፊት እኔ አጥፍቼ ነበር። ያኔ ረዳትነቱ አልፎልኝ ሁለተኛ አናጢ ሆኛለሁ። አያ ጫኔ ግድግዳውን ሲያዩ እኔን ከአሮጌ ዋንዛ ሳንቃ መከለያ እንድሠራ አዘዙኝ። ምን የመሰለ መከለያ ሠራሁ! ሳንቃውን በመላጊያ አልስልሼ፣ ጎን ለጎን ገጥሜ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ከፍታው የቆመ ሰው ደረት ድረስ የሚደርስ።

አያ ጫኔ አንድ በርጩማ አምጥተው ከመከለያው ኋላ አስቀመጡ። «ቁጭ በል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «ምን ይታይሃል?»

«ሳንቃ።»

«ከወዲያ ያለሁት እኔስ ምን ይታየኛል መሰለህ?»

ከበርጩማው ተነሣሁ። አያ ልጃለም መቆም አይችሉም፤ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። እኔ ሰውየውን ሳልጠይቅ ለጤነኛ ሰው ለክቼ የእንጨት አጥር አጥሬባቸው ነበር። እሑድ ቢቀመጡበት አደባባዩ የሚያየው ጥሩ የዋንዛ ሳንቃ ነው። አያ ጫኔ የተናገሩት በአገውኛ ስለነበር አልጽፈውም፤ አገውኛ ባላውቅም ስለ እናቴ እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያኔ ነው እትዬ የሻረግ አልጋውን ያሳዩን። ራስጌው በቋሚ ብረቶች የተሠራ፣ የሚያሳልፍ፣ ቁመቱም ለተቀመጠ ሰው ከጉልበት ከፍ ብሎ ከደረት ዝቅ የሚል ነበር። በልክ የተሠራ ይመስል ነበር። አያ ልጃለም አልጋቸው ሲፈታ አዩና በቀኝ እጃቸው ጠቆሙ፤ «እ... እኔስ?» አሉ። ፍራሹን በሳንቃ ላይ አነጠፍንላቸው። የእኔ መከለያ በዚህ መልኩ ሥራ አገኘ።

የጭቃ ቤት ግድግዳ በዘፈቀደ አይቆረጥም። በመጀመሪያ ከላይ ጣራውን የተሸከመውን አግዳሚ በሁለት ባላ ደገፍነው። ከዚያ ምርጊቱን በመሮ አረገፍን፤ ማገሩን አንድ በአንድ በመጋዝ ቆረጥን፤ የግድግዳውን ሁለት ቋሚ ወጋግራ አውጥተን በምትኩ የጽድ መቃን አቆምን። ከላይ ጉበኑን አጋደምን። ሥራው ከረቡዕ እስከ ዓርብ ወሰደ።

በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ወደ ውጭ ከተከፈተ መከለያውን ይመታል፤ ወይም መከለያው ሳይኖር የሚከፍተውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ይህን ጻፉት፤ ዛሬም የሚረሳው አለ። ራስጌውን በአራት ብሎን ከመቃኑ ጋር አሠርነው። ከዚያ አያ ጫኔ አንድ ኩንታል ማሽላ በገመድ አንጠልጥለውበት አንድ ሌሊት አሳደሩት። ሲነጋ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። አያ ልጃለምን ከፍራሻቸው አንስተን ወንበር ላይ አስቀመጥንና ወደ በሩ አስጠጋናቸው። እትዬ የሻረግ በሩን ከፈቱት።

ብርሃኑ ሲገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ገለጡ። ከታች ገበያው ሞልቷል፤ ጤፉ፣ በርበሬው፣ አህያው፣ ጭቅጭቁ። ቀኝ እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ያያሉ። እንባቸው በጤነኛው ጉንጫቸውም በዛለው ጉንጫቸውም እኩል ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

መጀመሪያ ያያቸው አንድ በርበሬ ሻጭ ነው። «በስመ አብ! አያ ልጃለም! አሉ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሌላው ቀና አለ። ከዚያ ገበያው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አቀና። «እንዴት ሰነበቱ!» «እግዜር ይማርዎት!» «ሞቱ ሲሉን እኮ ነው!» ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ገበሬ ደግሞ ከዚያ ሆኖ «አያ ልጃለም፣ ይሄ ሰውዬ ቁናውን ሸርፎብኛል!» ብሎ አቤት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳኛ አጥቶ ነበርና አልፈርድበትም።

እሑድ መጣ። አደባባዩ ሞላ። መፈክሩ ተባለ፤ ግራ እጃችንን ጨብጠን ጠላቶቻችንን ሁሉ ደመሰስን። ስም ተጠራ። የአያ ልጃለም ስም አልተጠራም፤ ተሰርዟላ። እሳቸው ግን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ከሁላችንም በላይ፣ በአልጋቸው ራስጌ ኋላ ተቀምጠዋል።

ሊቀመንበሩ አያቸው። አላየሁም እንዳይል ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያው ነው የሚያየው። ድሮ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ክር የሚሸጥ ሰው ነበር። ክፉ ነው አልልም፤ ማኅተም የተሰጠው ሰው ነበር።

«እኒያ ማን ናቸው?» አለ።

እትዬ የሻረግ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። «ባለቤቴ ናቸው። ስብሰባ መጥተዋል።»

«ስብሰባው አደባባዩ ላይ ነው። እሳቸው ቤታቸው ናቸው።»

አያ ጫኔ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በረንዳ ላይ ናቸው። በረንዳ ውጭ ነው።»

«የታለ ወለሉ?»

«ወለሉ እንኳ ቤት ነው የቀረው» አሉ አያ ጫኔ። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ይሄ በኋላ በኮሚቴ ይታያል» ብሎ ወደ አጀንዳው አለፈ። ያ ሁሉ መጋዝ፣ ያ ሁሉ ብሎን በአንድ ቃል ገደል ገባ ብዬ ነበር።

አጀንዳው ተነበበ። «የአንዲት ግለሰብ ትርፍ ክፍል ለወጣቶች ማህበር ጽሕፈት ቤት እንዲሆን። የሚደግፍ እጁን ያውጣ!»

እጅ ወጣ። ደን ነው የምላችሁ። የበርበሬ ሻጩ እጅ ወጣ። ቅዳሜ እልል ያሉት ሴቶች እጅ ወጣ። አያ ጫኔ ጉልበታቸውን ያመማቸው መስለው እጃቸውን ሳያወጡ ሲያጎነብሱ ቀኝ ጎኔ ያለው ሰው አወጣ፤ ግራ ጎኔ ያለውም አወጣ።

እኔም አወጣሁ። አዎ፣ እኔ። በዚያ በር ሦስት ቀን የደከምኩ፣ ቅዳሜ ያለቀስኩ ሰው። ሳላስበው ወጣ ብዬ ራሴን ለብዙ ዘመን አታልያለሁ። አሁን ግን ሸምግያለሁና እውነቱን ልናገር፤ አስቤ ነው ያወጣሁት። ፈርቼ ነው።

ጸሐፊው ቆጠራ ጀመረ። በዚህ ጊዜ በአደባባዩ ማጉረምረም ተሰማ። ቀና ስል የአያ ልጃለም ቀኝ እጅ ከብረቱ በላይ፣ ከግድግዳው ውጭ፣ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። የገዛ ቤታቸው እንዲወሰድ ደግፈው!

«ወይኔ! አልሰሙም! አልሰሙም እኮ!» እትዬ የሻረግ ራሳቸውን ያዙ። ምስኪን፣ ሰው ሁሉ ሲያወጣ አይተው አወጡ አልኩ።

ሊቀመንበሩ ግን እንዲህ የተደሰተበት ቀን አላየሁም። ዓይኑ አበራ። «አያችሁ፣ ጓዶች! ባለቤቱ ራሳቸው ደግፈዋል! ይህ ነው ንቃት! ጓድ ጸሐፊ፣ ይመዝገብ!» ጸሐፊውም ብዕሩን ወደ ላይ ቀስሮ እሳቸውንም ቆጠረ። ጻፈ።

አያ ጫኔ ቀና ብለው ደርቡን አዩ። ጥቂት ቆይተው እንደገና እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዲህ ያለው ታሪካዊ ነገር ለሕዝቡ ይነበብልን።»

ታሪካዊ የሚባል ነገር የሚጠላ ሊቀመንበር የለም። ጸሐፊው ጮክ ብሎ አነበበው፤ «የቤቱ ባለቤት አቶ ልጃለም በስብሰባው ላይ በአካል ተገኝተው እጃቸውን በማውጣት ውሳኔውን ደግፈዋል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ጭብጨባ ሆነ። ሊቀመንበሩ ፈረመና ማኅተሙን በእስትንፋሱ አሙቆ መታበት።

አያ ጫኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እጅህን አውርድ እንግዲህ፣ አለቀ» አሉኝ። ለካ እስከዚያ ድረስ አላወረድኩም።

ሰኞ ዕለት የልቀቁ ደብዳቤው ለእትዬ የሻረግ ደረሳቸው። በደንቡ መሠረት ቃለ ጉባኤው ተያይዞበታል። አያ ጫኔ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው በእርሳሳቸው አሰመሩባቸው። በዚያው ቀን ከእትዬ የሻረግ ጋር ወደ አውራጃው ቤቶች ኃላፊ ዘንድ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ።

ኃላፊው የተጨነቀ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ ሰው ነበር። ደብዳቤውን አነበበ። «በክፍሉ የሚኖሩት አንዲት ግለሰብ ብቻ በመሆናቸው» ይላል። ቃለ ጉባኤውን አነበበ። «ባለቤቱ በአካል ተገኝተው» ይላል። መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አነበበ።

«የተሰረዙት ሰውዬ ናቸው የደገፉት?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አሉ አያ ጫኔ።

«የሌለ ሰው ድምፅ ሰጠ ልበል፣ ወይስ ያለን ሰው ሰርዘው ቤቱን ወሰዱ ልበል?»

«እኛ መሃይሞች ነን። ማኅተሙ ያለበትን ነው ያመጣነው።»

የሌለ ሰው ድምፅ ሰጠ ከተባለ የቀበሌው ቆጠራ ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው፤ እሱን ደግሞ በዚያ ዘመን የሚናገር አልነበረም። ኃላፊው የቀለለውን መረጠ። በደብዳቤው ኅዳግ ላይ «ነዋሪዎቹ ሁለት መሆናቸው በቀበሌው ቃለ ጉባኤ ስለተረጋገጠ ውሳኔው ተሽሯል» ብሎ ጻፈበት። እትዬ የሻረግ ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን አቅፈው አለቀሱ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጎረፈልን። ሊቀመንበሩ ራሱ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲሁ ዓይነት አሠራ። ከላይ ሆኖ ንግግር ሲያደርግ ሆዱ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ «ወደፊት!» እያለ ይጮኻል፤ ራሱ ግን አንዲት እርምጃ መሄጃ የለውም። ከቡሬም ሰው መጣ፤ ከዱርቤቴም አንድ እህል ነጋዴ መጣ። ኃላፊያችን ሁሉንም «የአልጋ ራስጌ ማዛወር» እያለ መፈረሙን ቀጠለ። አልጋ የሌላቸውም ነበሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአያ ልጃለም በር ማጠፊያው መጮህ ስለጀመረ ዘይት ልቀባው ብቻዬን ሄድኩ። እሳቸው እንደ ወትሯቸው ተቀምጠው አደባባዩን ያያሉ። አፋቸው ትንሽ ተፍታቶ ነበር። ማጠፊያውን እየቀባሁ ሲከነክነኝ የነበረውን ነገር ጠየቅኳቸው።

«አያ ልጃለም፣ ያኔ እጅዎን ያወጡት ሳይሰሙ ነው አይደል?»

ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ከሕዝቡ... በላይ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ደገፉ?»

«ዝም ብል... ማን ይቆጥረኛል? አርባ ዓመት... ቁና ቆጣሪ ነበርኩ። ቆጣሪ የሚያየው... የወጣውን ነው።»

እኛ አናጢዎች በሩን አወጣን፤ ቤታቸውን ያተረፉት ግን እሳቸው በአንድ እጃቸው ነው። ልስቅ ስል እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም።

«አንተስ?» አሉኝ።

«እኔ ምን?»

«አንተስ... ለምን አወጣህ? ከዚህ ሲሆን እኮ... ሁሉም እጅ ይታያል።»

ማጠፊያውን መቀባት ቀጠልኩ። ዘይቱ ካለቀ ቆይቶ ነበር።

መሐንዲሱ ልጅ የቆጠራቸው ጥቅሞች ሁሉ ትክክል ናቸው። ብርሃን ይገባል፤ አየር ይገባል፤ ቦታ አይወስድም። ለወጣት አናጢዎች የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔና አያ ጫኔ ያን በር ስናወጣ የለካነው ሰውየው ከታች እንዲታዩበት ነው። ከላይ ሆነው እንደሚያዩበት አልለካንም። በር ስታወጡ ሁለቱንም ለኩ።